በእጅ የተሞላ ሰዓት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ስልክህን አስቀምጥና ቁጭ በል፤ የትም አይሄድብህም። የማወራላችሁ እኩያችሁ ስለሆነች አንዲት ልጅ ነው። ወሬው ረጅም አይደለም፤ በጥድፊያ የሚሰማም ግን አይደለም።

ልጅቱ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሸጉጣ ሁለቱንም እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋለች። በስልኩ ውስጥ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

«መብራት መጣ?»

«መጥቷል አባዬ። ኢንተርኔት ግን የለም።»

«ግድ የለም። ኪቦርዱ ስር ትንሽ ወረቀት አለች። የይለፍ ቃሉ እሷ ላይ ነው።»

«አግኝቻታለሁ።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ። በይ አራቱንም ቀስቅሺያቸው። አትቸኩዪ።»

ከአባቷ ድምፅ በስተኋላ ጎማ ያለው አልጋ እየተንቋቋ ሲገፋ ይሰማል። አባቷ ያለው ሆስፒታል ነው፤ እናቷ የተኛችበት ክፍል በር ላይ። ሌሊቱን እዚያው አድሮ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ነበር። ገና ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ ከሆስፒታል ተደወለለትና ቁልፉን እጇ ላይ ጥሎላት ሮጠ። «እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። አልተመለሰም።

ይህችን ልጅ በትምህርት ቤት ጭምቷ ነው የሚሏት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ስለሆነች መምህራኑ ሳይቀሩ ስም ሲጠሩ «ጭምቷ አለሽ? ካለሽ እጅሽን አውጪ፣ ድምፅሽንስ አንጠብቅም» እያሉ ይቀልዱባታል። አባቷ የኮምፒውተር ክፍሉ ቴክኒሻን ስለሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ በገመድ መሃል ነው ያደገችው።

አሁን ስለማሽኖቹ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አይከብድም። በክፍሉ ጥግ፣ በብረት መደርደሪያ ላይ፣ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግል አንድ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ተቀምጧል። በሆዱ ውስጥ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በእጅ የማትነካ ኮምፒውተር ናት። አካል የላትም፤ የሰርቨሩን ጉልበት እየተካፈለች ነው የምትሠራው። እሷ ግን ራሴን የቻልኩ ነኝ ባይ ናት። የራሷ ሥራ፣ የራሷ ፋይል፣ የራሷም ሰዓት አላት። ጣጣው ያለው ሰዓቷ ላይ ነው። መብራት ሊጠፋ ሲል አባትየው ማሽኖቹን ያስተኛቸዋል። የተኛች ማሽን ደግሞ ጊዜ ማለፉን አታውቅም። ጠዋት ስትቀሰቀስ ትናንት ማታ ላይ ነኝ ብላ ነው የምትነሳው። ስለዚህ የዛሬን ሰዓት የሚነግራት ያስፈልጋታል። ሦስቱ ማሽኖች ልክ እንደነቁ ሰርቨሩን ጠይቀው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። አራተኛዋ አዲስ ናት። ሰዓት የምትጠይቀው ኢንተርኔቱን ብቻ ነው፤ አባትየው ሰርቨሩን መጠየቅ ሳያስተምራት ሚስቱ ታመመችበት።

«ሦስቱ ነቅተዋል» አለች ጭምቷ። «አራተኛዋ ትናንት አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነኝ ትላለች።»

«እሷን በትእዛዝ ነው የምታስተካክያት። ከሰርቨሩ እንድትቀበል የሚያደርግ አንድ መስመር ነው። ደብተሬ ላይ…»

«የታካሚዋ ባለቤት!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ስልኩ ተቋረጠ።

ጭምቷ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ደብተሩ የለም። በአባቷ ቦርሳ ውስጥ፣ ሆስፒታል ነው ያለው። ትእዛዙን በቃሏ ለመጻፍ ሞከረች፤ ማሽኗ አላወቀችውም። ደገመች፤ አሁንም እምቢ። በሩ ተንኳኳ።

«ጭምቷ! ተፈታኞቹ እኮ በር ላይ ቆመዋል!» የጂኦግራፊ መምህሩ ነበር፤ የዕለቱ ፈታኝ። «ክፈቺ እንጂ፣ ምን እየቀቀልሽ ነው?»

«አንድ ደቂቃ ቲቸር!»

‹የታካሚዋ ባለቤት› ያለችው ሴት ለምን ጮኸች? በጭምቷ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ይኸው ብቻ ነበር። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይላል። የዕለቱን ቀንና ያየችውን ሰዓት በእጇ ጻፈችና አስገባችው። አራተኛዋ ማሽን ተቀበለች። በሩን ከፈተች።

የዚያ ትምህርት ቤት የግድግዳ ሰዓቶች በሙሉ ሰባት ደቂቃ ይቀድማሉ። አርፋጅ የሰለቻቸው ርዕሰ መምህሯ ናቸው እንዲያ ያስሞሏቸው። ተማሪው ግን በሁለተኛው ሳምንት ነቅቶ ሰባት መቀነስ ለመደ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጸዳጃ ቤቱን ከማሳየታቸው በፊት «ሰባት ቀንስ» ነው የሚሉት። ጭምቷም አራት ዓመት ሙሉ ስትቀንስ ኖራለች። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አልቀነሰችም።

ፈተናው ለዘጠኝ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነበር። የአዳሪ ሳይንስ ትምህርት ቤት ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ተማሪ ይወስዳል፤ ከዘጠኙ አንዱ ሊመረጥ ነው። ፈተናው ያለው አራተኛዋ ማሽን ላይ ነው። በትክክለኛው የሦስት ሰዓት ደወል ይጀመራል፤ ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ማሽኗ ራሷ ትዘጋዋለች።

ከዘጠኙ አንዷ የጭምቷ ጓደኛ ናት። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለምታሰላ ተማሪው ደገመች የሚል ስም አውጥቶላታል። ሱቅ ሄዳ መልስ ስትቀበል እንኳ ሁለቴ ነው የምትቆጥረው። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋት፤ ከአምስት ልጆች ጋር በአንዲት ክፍል። ያ አዳሪ ትምህርት ቤት ለደገመች የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ መብራት ማለት ነው። ሦስት ዓመት ለዚህ ፈተና ነው ያጠናችው።

ወደ ወንበሯ ስትሄድ ጎንበስ ብላ «እማማ እንዴት አደሩ?» አለቻት። የጭምቷን እናት እማማ ነው የምትላት።

«አላውቅም። የአባዬ ስልክ ተቋረጠ።»

«በርቺ እሺ። እንደጨረስኩ አብረን እንሄዳለን።»

ጭምቷ ‹ማሽኖቹን ጠብቂ› ስለተባለች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን አልነቀለችም። ስልኩ አልጮኸም። ተፈታኞቹ አንድ በአንድ እየጨረሱ ወጡ። በመጨረሻ ደገመች ብቻ ቀረች። የመጨረሻውን ረጅም ጥያቄ በወረቀት ሠርታ፣ ሁለቴ አረጋግጣ፣ መልሱን ወደ ማሽኑ መገልበጥ ጀምራለች።

«ቲቸር!» ብላ ተነሳች በድንገት። «ዘጋብኝ!»

«ሰዓትሽ አለቀ ማለት ነዋ።»

«አላለቀም! እዩት፣ የግድግዳው ገና አምስት ሰዓት ማለቱ ነው። ሰባት ሲቀነስ…»

«የግድግዳውን ሰዓት ተዪው፤ እሱን ማን ያምነዋል? ዛሬ በሰባት ይቅደም በአሥር ማን ያውቃል። ማሽኑ ሰዓቱን የሚያመጣው ከውጭ ነው። ማሽን አይዋሽም።»

«ቲቸር፣ በናትዎ፣ ሰባት ደቂቃ አለኝ ብዬ እኮ ነው ደግሜ ያሰላሁት! መልሱ ይኸው፣ በወረቀት አለ…»

የጭምቷ ስልክ ጮኸ። አነሳችው። አባቷ «ነይ ልጄ» ብቻ አለ። ጭምቷ ተነስታ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ የጠፋት ሰው መሰለች።

ደገመች አየቻት። በእጇ የያዘችውን የመልስ ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። መምህሩን ተወችው። የጭምቷን ቦርሳ ከወንበር ላይ አንስታ በራሷ ትከሻ አንጠለጠለችና እጇን ያዘቻት።

ሆስፒታል ሲደርሱ አባትየው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የሚስቱን ነጠላ ጫማ በእጁ ይዟል። ልጁን ሲያይ ጫማውን አጠገቡ አስቀመጠ። «ስለአንቺ ስትጠይቅ ነበር» አላት። «‹መጣች?› አለችኝ። ‹እየመጣች ነው› አልኳት።»

ጭምቷ በግማሽ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። አንዲት ሠራተኛ ከአልጋው ላይ አንሶላ እየገፈፈች ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት በዝርዝር አልነግራችሁም። ሰው የሞተበት ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወንበር ከጎረቤት ይመጣል፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ ያልተበላ ምግብ ይቀዘቅዛል። ደገመች ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ እየመጣች ኩሽና ውስጥ ሰሃን ታጥብ ነበር። ማንም አልጠራትም፤ ማንም ተዪ አላላትም።

በአራተኛው ቀን ጭምቷ ሰው ሸሽታ ኩሽና ገባች። ደገመች እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ታለቀልቃለች።

«ፈተናውስ?» አለቻት፤ የሚወራ ነገር ስታጣ።

«ተዪው ባክሽ።»

«ንገሪኝ።»

«በማግስቱ ቅሬታ አቀረብኩ። ‹ያኔውኑ ለምን አልተከራከርሽም?› አሉኝ። ዝም አልኩ። ከሌላ ቦታ ቴክኒሻን አስመጥተው ማሽኑን አሳዩት፤ ሰዓቱ ልክ ነው አለ። በቃ፣ ውሸታም ሆንኩልሽ።» ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና መልሳ አጠበችው። «ቆይ፣ እኔ አብጃለሁ እንዴ? የግድግዳው አምስት ሰዓት ሲል ነው የዘጋው። ዓይኔ እያየ። እንዴት ነው አንድ ማሽን ልክ ከግድግዳው ሰዓት ጋር የሚገጥመው?»

የጭምቷ እጅ የበሩ መቃን ላይ ቀረ። ያን ጠዋት ቀና ብላ ግድግዳውን ስታይ፣ ቁጥሩን ስትጽፍ፣ ማሽኗ ስትቀበል፣ ሁሉም ባንዴ መጣባት። ሰባት አልቀነሰችም። ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ሲመለስ አራተኛዋ ማሽን ከውጭ ጠይቃ ራሷን አስተካክላ ይሆናል። ለዚህ ነው ያ ቴክኒሻን ሲያያት ልክ የሆነችው።

«ምን ሆንሽ?» አለች ደገመች። «ቁጭ በይ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም» አለች ጭምቷ።

ረቡዕ ዕለት አባትና ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። ባልደረቦቹ እጁን እየጨበጡ «ያጽናህ» አሉት፤ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ቀጥታ ወደ ሥራው ሄደ። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ አራተኛዋን ማሽን ከፈታት።

«እስቲ ይህቺን እናስተምራት» አለ። «አየሽ፣ ሰዓት ሊነግሯት የሚችሉ ሁለት ናቸው፤ ሰርቨሩና ኢንተርኔቱ። ሁለት ሰው ባንዴ ሲነግራት ደግሞ ትደናገራለች፤ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ። ስለዚህ አንዱን ዝም እናሰኛለን። ከአሁን በኋላ ስትነቃ መጀመሪያ ሰርቨሩን ትጠይቃለች። እሱ ብቻ ነው ውጭውን የሚጠይቀው።»

ጥቂት መስመሮች ጻፈ። ማሽኗን አስተኛት። ጠበቀ። ቀሰቀሳት። ሰዓቷ ልክ ሆኖ ተነሳች። በሕይወቱ ስንት መቶ ጊዜ ያየው ነገር ነው፤ ግን ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር።

ቀጥሎ፣ እንደ ልማዱ፣ የማሽኗን መዝገብ ከፈተ። ማሽን የሚደርስባትን ሁሉ ትመዘግባለች፤ ማን ነካት፣ መቼ ነካት፣ ምን ቀየረባት። አባትየው እያነበበ ወረደ። ፈተናው የነበረበት ቀን ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ‹ሰዓት በእጅ ተቀይሯል› ይላል፤ በእሱ ይለፍ ቃል፣ ጠዋት። ዝቅ ብሎ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፦ ‹ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደኋላ ተመልሷል›።

ጭምቷ አባቷን ታየዋለች። አባቷ ስክሪኑን ያያል። ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋው።

«በይ ወደ ክፍልሽ ሂጂ» አለ። «ደወል ሊደወል ነው።»

እንግዲህ ሁለቱም አወቁ፤ አንዱ የሌላውን ማወቅም አወቀ። አባትየው በየዓመቱ የሚታደስ ውል ነው ያለው። ‹የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጥም፣ ክፍሉን ለማንም ጥዬ አልሄድም› ብሎ የፈረመበት ወረቀት በርዕሰ መምህሯ መሳቢያ ውስጥ አለ። ጭምቷ ከተናገረች አባቷ ሥራውን ሊያጣ ነው፤ ሚስቱን በቀበረ በሁለተኛው ሳምንት። ዝም ካለች ደግሞ የተመረጠው ተማሪ ስም ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይላካል፤ ስሙም የደገመች አይሆንም።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ደገመች ከቧንቧው ውሃ ስትጠጣ ሁለት ወንዶች ልጆች ከኋላዋ መጡ።

«ኧረ ሰባት ደቂቃ! እንዴት ነሽ ሰባት ደቂቃ?»

«አቦ አትንካት፣ ሰዓቷ ሳይደርስ ትዘጋብሃለች!»

እየተሳሳቁ ሄዱ። ደገመች አፏን በእጇ ጠረገች። ጭምቷ ቆማ ስታያት ነበር። እግሯ ራሱ ወሰዳት።

«እኔ ነኝ» አለቻት።

«ምኑ?»

«ሰዓቱን። አባዬ ሆስፒታል ነበር። አራተኛዋ ማሽን እምቢ ስትለኝ በእጄ ሞላኋት፤ ከግድግዳው አይቼ። ሰባቱን አልቀነስኩም።»

ቧንቧው በደንብ ስላልተዘጋ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«መቼ አወቅሽ?»

«ኩሽና… የዚያን ዕለት። ስትነግሪኝ።»

«ከዚያ በኋላ እኮ አምስት ቀን መጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አምስት ቀን ሙሉ ሰሃናችሁን ሳጥብ አጠገቤ ቆመሽ ዝም አልሽኝ?» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ለነገሩ ለአንቺ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ለእማማም ነው። ጫማዬ ሲቀደድ ማን ይመስልሻል የሰፋልኝ?»

«አባዬን ከሥራ ያባርሩታል ብዬ ፈራሁ። አሁንም… ምን ላድርግ? አንቺ ተናገሪ ካልሽኝ እናገራለሁ።»

ደገመች ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል።

«አይ! ይሄንንማ አታደርጊውም። እኔ ‹ተናገሪ› ልበልሽና ጋሼ ነገ ከሥራ ሲወጡ በእኔ ምክንያት ይሁን? እኔ ‹ተዪው› ልበልሽና ዕድሜ ልኬን ራሴ ነኝ የተውኩት ልበል? ይሄን ለእኔ አታሸክሚኝ። ለእኔ የምትነግሪኝ ምን ላድርገው ብለሽ ነው? ለሚመለከተው ሰው ንገሪ፣ ወይ አትንገሪ። ያንቺ ጉዳይ ነው።»

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ሁልጊዜ ጥግ ላይ ደርሳ ዞር የማለት ልማድ ነበራት። ያን ቀን አልዞረችም።

ማታ አባትየው ሩዝ ሲቀቅል አሳረረው። ሁለቱም የላይ የላዩን በማንኪያ እየገፈፉ ቀመሱ።

«ጨው ረሳሁ መሰለኝ» አለ።

«ይበላል አባዬ።»

«እናትሽ ብታየን ትስቅብን ነበር።»

«‹ቴክኒሻን ነኝ ትላለህ፣ ድስት አታውቅም› ትልህ ነበር።»

አባትየው ሳቀ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጭምቷ ጠበቀችው። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«መዝገቡን አይተሃል» አለች።

«አይቻለሁ።»

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ስሙ ይላካል።»

«አውቃለሁ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ወስኛለሁ። ጠዋት እገባና እኔ ነኝ በእጄ የሞላኋት፣ ተሳስቼ ነው እላቸዋለሁ። ስህተት ሰው ይሠራል፤ ለስህተት አያባርሩኝም። አንቺን የሚያነሳሽ የለም። ያቺም ልጅ ፈተናዋን ትደግማለች።»

ጭምቷ አሰበችበት። ሁሉም የሚተርፍበት መንገድ ነበር። ደገመች ትፈተናለች፤ አባቷ በሥራው ይቆያል፤ እሷም ማንም ፊት አትቆምም። ከዝምታዋም አትወጣም።

«የዚያን ቀን ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ ፈርመሃል አይደል?» አለች። «የጥበቃው መዝገብ ላይ አለ። ሰዓቱ በተቀየረበት ጊዜ አንተ እማዬ ጋ ነበርክ።»

«ማን ያያል ብለሽ ነው።»

«ማንም ባያይ እንኳ…» ሰሃኗን ወደ ጎን ገፋች። «አንተ እማዬ ጋ ነበርክ አባዬ። እጇን ይዘህ ነበር። አልነበርኩም ልትል ነው? እኔ ሳልደርስ ቀረሁ። አንተ ግን ነበርክ። እሱን እንድትክደው አልፈልግም።»

ሩዙ ቀዘቀዘ። አባትየው «አንቺን ማሽን ጠባቂ አድርጌ እዚያ ተውኩሽ» አለ፤ «ራሴን ይቅር የማልለው ለእሱ ነው። ሰባት ደቂቃውንስ ማንም ይሳሳታል።»

ጭምቷ ተነስታ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋችና ራሷን ክንዱ ላይ አስደገፈች።

ዓርብ ጠዋት አባትየው የመዝገቡን ሁለት መስመሮች በወረቀት አትሞ ሰጣት። ወረቀቱ ከአታሚው እንደወጣ ገና ይሞቅ ነበር። በረጅሙ ኮሪደር ጎን ለጎን ሄዱ። ደገመች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ደረጃው ላይ ቆማ አየቻቸው። ጭምቷ ሰላም ልትላት አሰበች፤ እጇ ግን አልተነሳም፤ ደገመችም አልጠበቀችም። ዓይኗን ወደ ወረቀቱ አሳረፈች፣ መልሳ አነሳች፣ ፊቷን አዞረች።

የርዕሰ መምህሯ በር ዝግ ነበር። ከውስጥ የጽሕፈት ድምፅ ይሰማል። አባትየው የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ቆለፈ፤ እሱን ሁልጊዜ የምትቆልፍለት ሚስቱ ነበረች።

«እኔ ልቅደም?» አላት በቀስታ።

«አይ» አለች። «እኔ ልናገር። አንተ የምትለውን ከእኔ በኋላ በል።»

«ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ጭምቷ። እጇን አንስታ በሩን አንኳኳች። ከውስጥ «ግቡ» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አትጠይቁኝ። ደገመችም ከዚያ በኋላ አናገረቻት፣ አላናገረቻትም፣ እሱንም አታስወሩኝ። እኔ የማያት እዚያ በር ላይ ነው፤ ትንሿን ልጅ፣ ድምፅ የሌላትን፣ ‹እኔ ልናገር› ስትል። ልጆቼ፣ አደራ፣ እናንተም እዚያ በር ላይ እንደቆመች አስታውሱልኝ።